ለትንሽ ጊደር የቱ ኮርማ?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ጢጣ አካባቢ ነኝ። የሐበሻ ጊደሬ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ሰሞኑን ኮርማ ፈልጋ ነበር። ከፈረንጅ የወተት ላም ዝርያዎች ገሚሱ ሆልስታይን፣ ገሚሱ ጀርሲ ይለኛል። የቱን ላስደቅል?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ወሊድ ጀርሲ። ንጹሕ የሆልስታይን ጥጃ ሲወለድ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የጀርሲው 25 ገደማ ነው። ድቅሉ ከእናቱ ወገን ቢያንስም የአባቱ ግዝፈት ይከተለዋል፤ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ጠባቡ ዳሌ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ከሆልስታይን ተወልዳ የምታድግ ግዙፍ ላም ደግሞ ወተት ባትሰጥም ለገላዋ ብቻ ብዙ መኖ ትጨርሳለች፤ ድርቆሽ በሚወደድበት ወቅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕድሜዋን ተዉት፣ ክብደቷን እዩ። እናቷ 250 ኪሎ ከሆነች ጊደሯ ቢያንስ 150 መድረስ አለባት። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ ከፊት እግሯ ኋላ የደረቷን ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ርዝመቷን በሴንቲሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝታችሁ ለ10840 አካፍሉ። 130 በ105 ከሆነ 164 ኪሎ ያህል ነው፤ ትችላለች። ሜትሩን አታጥብቁት፤ ስሌቱ ይዛባል።

ጠዋት ከፈለገች አመሻሽ፣ ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት አዳቃዩን ጥሩ። በምጧ ቀን የእንሽርት ውኃ ፈሶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥጃው ካልመጣ ገመድ አትሳቡ፤ ሐኪም ጥሩ።