መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ዕፅዋቱ፣ ዓሣው በመጨረሻ

እህቴ፣ ጥያቄሽ «60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የዓሣ መስታወት ገዝቻለሁ፤ እውነተኛ ዕፅዋት የሚያድጉበት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስንት ዓሣ ልግዛ? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝስ የግድ ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ለጊዜው አንድም ዓሣ አትግዢ። እንዲያውም ውኃም አትጨምሪበት። መስታወቱ ደረቅ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ነው፤ አብዛኛው ጀማሪ ግን ቸኩሎ ይዘለዋል።

እኔ አዲስ ገንዳ ሳሰናዳ ድንጋዩንና እንጨቱን በደረቁ ደርድሬ ቀናት አቆየዋለሁ። ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ ፎቶም አነሳዋለሁ። በዓይን ያማረ የመሰለ አደራደር በፎቶ ሲታይ ጉድለቱ ወለል ብሎ ይወጣል። ገንዳን በድንጋይ፣ በእንጨትና በዕፅዋት የማስዋብን ጥበብ በዓለም ያስፋፋው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ራሱ የደን ፎቶ አንሺ መሆኑ ያለ ነገር አይመስለኝም።

የድንጋዩ ዓይነት አንድ ይሁን። ሁለት ሦስት ዓይነት ከተቀላቀለ ገንዳው የድንጋይ መሸጫ ይመስላል። በድንጋዮቹ ላይ የሚታየው መስመር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዘነብል አድርጊ፤ በወንዝ ውስጥ የሚፈስሰው ውኃ የሚቀርጻቸው በአንድ በኩል ነውና። ጃፓኖቹ ኢዋጉሚ በሚሉት አደራደር የድንጋዮቹ ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ትልቁ ኦያይሺ ይባላል፤ ቦታውም መሐል ሳይሆን ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ነው። አፈሩን ከፊት ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አድርገሽ ካዘነበልሽው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ የሚገባው መስታወት ጥልቅ ሸለቆ ይመስላል። በዚያ ላይ ከፊት ሰፍቶ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ የአሸዋ መንገድ ካከልሽበት ዓይን ተከትሎት ይሄዳል።

ድንጋዩን ከማስገባትሽ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበትና የውኃውን ጥንካሬ (የሟሟበትን ማዕድን መጠን) ይጨምራል። እንጨቱን ደግሞ እስኪሰምጥ ዘፍዝፊው። ውኃውን ሻይ ቢያስመስለው ወይም በላዩ ነጭ ዝልግልግ ነገር ቢወጣ አትደንግጪ፤ ሁለቱም በጊዜ ይጠፋሉ።

ለጀማሪ የምመርጣቸው ዕፅዋት አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን እና ጃቫ ሞስ ናቸው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ቅጠልም ሥርም የሚወጣበት አግድም የተኛ ወፍራም ግንድ አላቸው። እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በክር ከእንጨቱ ወይም ከድንጋዩ ጋር እሰሪው። ክሪፕቶኮሪን በተተከለ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ ሊሟሟ ይችላል። ሞተ ብለሽ አትንቀዪው፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ ለአዲሱ ኑሮው የሚሆን ቅጠል ያወጣል። ከእነዚህ በተጨማሪ እንደ ሃይግሮፊላ ያለ ፈጥኖ የሚያድግ ተክል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቅጥቅ አድርገሽ በወረንጦ ትከዪ። ከብስባሽና ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ እየሳበ ለአልጌ (መስታወቱንና ቅጠሉን ለሚሸፍነው አረንጓዴ ነገር) የሚተርፈውን ያሳንሰዋል። ሰው ለመብራት ብዙ አውጥቶ ለተክል ሲሰስት ሳይ ይገርመኛል።

ጋዙ ለእነዚህ ዕፅዋት የግድ አይደለም። የሚያስፈልገው መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑትንና ቀያዮቹን ተክሎች ስትፈልጊ ነው፤ ያኔ የተለመደው መጠን በሊትር 30 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ያለ ጋዝ ግን መብራቱ መጠነኛ ይሁን፣ በቀንም ከስድስት ሰዓት አይብለጥ፤ ዕፅዋቱ ሥር ሲሰድዱ እስከ ስምንት ማድረስ ይቻላል። መብራት ምድጃ ላይ እንዳለ እሳት ነው፤ ድስቱ ውስጥ በቂ ነገር ሳይኖር ማንደድ ማሳረር ብቻ ነው። የሚያርረው እዚህ በአልጌ መልክ ይመጣል። ማብራትና ማጥፋቱን በታይመር አድርጊው እንጂ በራስሽ ትዝታ አትተማመኚ።

ውኃው የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ መድኃኒት ጨምሪበት። ከዚያ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሥራ። በውስጡ የሚራቡት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ይህ እስኪደላደል ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ ግማሹን ውኃ ቀይሪ። በመስታወቱ ላይ በጣት ሲነካ የሚለቅ ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ታያለሽ፤ የአዲስ ገንዳ ወግ ነው፤ እየጠረግሽ እለፊው።

ዓሣው የሚገባው በውኃ መመርመሪያ ሲለካ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑ ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እየተባለ። ለ60 ሴንቲ ሜትር መስታወት ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ከመሰብሰብ በመንጋ የሚዋኝ አንድ ትንሽ ዓሣ፣ ለምሳሌ ኒዮን ቴትራ፣ አሥር ያህል ብትመርጪ ይሻላል። ዓሣው ትንሽ በሆነ ቁጥር የደረደርሽው ድንጋይ ተራራ ያክላል።