ሲፒዩው ሥራ ፈት ሆኖ ፋየርዎሉ ለምን ይንቀራፈፋል?

ወንድሜ፣ ከታች ለሚያነቡት ጥያቄህን ላስታውስ። ደሴ ባለው ቢሯችሁ አንድ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ፋየርዎልና ዳታቤዝ አብረው ይሠራሉ። የወር ሪፖርት ሲወጣ ፋየርዎሉ ይንቀራፈፋል፣ ፓኬት (በኔትወርኩ የሚጓዝ የዳታ ቁራጭ) ይጥላል። ሲፒዩው ግን ግማሹ እንኳ አልተያዘም። "ራም ልጨምር?" ነው ያልከው።

አትጨምር፣ ብሩን ያዝ። እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምጠብቀው ሰርቨርም እንደዚሁ ያደርገው ነበር። ያየኸው ፐርሰንት አማካይ ነው፤ ፓኬት ደግሞ አማካይ አያውቅም። ባለ 10 ጊጋቢት መስመር በ64 ባይት ፓኬቶች ሲሞላ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ይመጣል። ለአንዱ የሚደርሰው 67 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። የሚፈለገው ዳታ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ጠፍቶ ራም ድረስ ከተሄደ፣ በአንዱ ምልልስ ብቻ ያ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። የእናንተ መስመር ይህን ያህል ባይጨናነቅም ነገሩ ያው ነው። (ፋየርዎሉ ዲፒዲኬ የሚባለውን፣ ፓኬት መጣ አልመጣ እያለ ያለማቋረጥ የሚፈትሽ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነማ ኮሩ፣ ማለትም አንዱ የፕሮሰሰሩ ሠሪ ክፍል፣ ሥራ ኖረም አልኖረም 100% ነው የሚያሳየው። ፐርሰንቱን እርሳው።)

በመጀመሪያ ፋየርዎሉ ውስጥ ገብተህ ስቲል ታይም እይ፤ ፋየርዎሉ ኮር ፈልጎ ወረፋ የጠበቀበት ጊዜ ነው። ከፍ ካለ ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ኮሩን ለሌላ እየሰጠብህ ነው። ለፋየርዎሉ የራሱን ኮር ቆርጠህ ስጠው፤ የሃይፐርትሬዲንግ ጥንዱንም (ያንኑ ኮር የሚጋራውን ሁለተኛ ክር) ለማንም አታካፍል። ፋየርዎሉም ኔትወርክ ካርዱ ከተሰካበት ፕሮሰሰር ጋር አንድ ኒውማ ኖድ (ፕሮሰሰርና የቅርብ ራሙ) ላይ ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ "በቃ" ይላል።

ገና ነው። ኮሮቹ ቢለያዩም ኤል3 ካሹ (የፕሮሰሰሩ ትልቁ ካሽ) የጋራ ነው። አንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች ሁሉም የየክፍላቸው ቁልፍ አላቸው፣ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ዳታቤዙ ትልቅ ሰንጠረዥ ሲያገላብጥ የፋየርዎሉን ዳታ ከካሹ ያስወጣዋል። ይህን ለማረጋገጥ ማታ ዳታቤዙን አቁመህ ያንኑ ትራፊክ ልቀቅበት። ፓኬት መጣሉን ከተወ ጥፋተኛው ጎረቤቱ ነው።

ፕሮሰሰሩ ሲኤቲ የሚባለውን የካሽ መከፋፈያ የያዘ የኢንቴል ዚዮን ከሆነ ቀለል ይላል። ሊኑክስ ከ4.10 ጀምሮ ሬስኮንትሮል በሚባል መቆጣጠሪያ ይደግፈዋል። ለፋየርዎሉ የራሱን ድርሻ ከልለህ ዳታቤዙን በቀረው ወስነው። ሪንግ በፈሩን (ፓኬቶች ወረፋ የሚይዙበትን ቦታ) ግን ዝም ብለህ አታሳድግ። ካርዱ ፓኬቱን ዲዲአይኦ በሚባል የኢንቴል ዘዴ በቀጥታ ካሽ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ በፈሩ ከልክ ካለፈ ከዚያ ተርፎ ወደ ራም ይፈሳል።

ሲኤቲ ከሌለውና ሁለት ፕሮሰሰር ካለው፣ ዳታቤዙን ከነራሙ ወደ ሁለተኛው አዛውረው። ኤል3 ካሻቸው የየራሳቸው ነው። ሞዴሉን ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ከወረድክም ቅንብሩን አሳይሃለሁ።