ሰላምታ የማትመልሰዋ ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። በሩን ዘግታ ቁጭ አለችና ፊቴን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ እዚህ ማንም አያውቅም» አለችኝ። ስብሰባ መሃል ተነስታ ስትወጣ ሰው ያጉረመርማል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብስኩት ስትበላ አለቃዋ ይገላምጣታል። «ሰነፍ ነው የሚሉኝ» አለች። ከዚያ «እርስዎ ግን እንዴት ቻሉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

የዚያን ቀን የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። በር ላይ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ለሷም እንደሷ ላላችሁም ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

እኔ ኦዲተር ነኝ። 61 ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በግል እየሠራሁ ነው። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ጆሮዬ ይከብደኛል። ነገሩ የመጣው በ1976 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ቲቢ ያዘኝ። ያኔ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ይሰጥ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ተወጋሁ። መርፌው ሕይወቴን አትርፎታል፤ ይህን ሁሌም አስቀድሜ እናገራለሁ። ግን እሱና መሰሎቹ መድኃኒቶች የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። እዚያ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ፣ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ ሌላ አይተካቸውም። ቀድመው የሚሞቱት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ናቸው። አሁን እነዚህ መርፌዎች እየቀሩ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጥ የነበረውን ካናማይሲንን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዳይሰጥ መክሯል። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን አልቅሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው።

እንግዲህ እኔ ድምፅ እሰማለሁ። የሚያመልጠኝ ቃሉ ነው። ይህንን ለሰው ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ! ሰው ሲናገር ወፍራሙ ድምፅ ይደርሰኛል፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። «ሰጠው» እና «ሸጠው» ለኔ ጆሮ አንድ ናቸው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ዕቃውን «ሰጠው» ይበሉኝ «ሸጠው» ይበሉኝ፣ የተናጋሪውን አፍ ካላየሁ አላውቅም፤ ሥራዬ ደግሞ ይህንኑ መለየት ነው። ስለዚህ ሰው ሲያወራ ከንፈር ከንፈሩን አያለሁ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ሁሉም ሰው አፉን በማስክ ሲሸፍን፣ እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰው ንግግር የሚባል ነገር ጠፋብኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከውጭ አይታይም። ከውጭ የሚታየው ሌላ ነው። ከኋላዋ ሰላም ሲሏት የማትዞር ሴት ናት የምትታየው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ፣ ሂሳብ» እያለ እሷ በመስኮት ታያለች፤ በመጨረሻ «እህት፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» ይላል፣ ተሳፋሪውም ይዞርባታል። በእኛ አገር ሰላምታ የእግዜር ነው። ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ጠግቧል። እና ስም ወጣልኝ። ሰፈር ውስጥ «ሰላምታ የማትመልሰዋ ሴትዮ» ሆንኩ። ቢሮ «ኩራተኛዋ»። የክፍል ኃላፊ ስሆንማ ባሰ፤ ሠራተኛው ሲያመለክት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች ተባለ።

ሌላም አለ፤ ስለዚህኛው ለረጅም ጊዜ አላወራሁም። ያው መርፌ ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ ክፍልም ነክቶብኛል። ቀን ቀን ዓይኔ ስለሚያግዘኝ ደህና እራመዳለሁ። ጨለማ ሲሆን ግን እግሬ መሬቱን ያጣዋል፤ እንገዳገዳለሁ። አምሽቼ ከሥራ ስመለስ፣ መብራት በሌለው ድንጋያማ መንገድ ላይ፣ ብቻዋን እየተንገዳገደች የምትሄድ ወጣት ሴት ያዩ ሰዎች ምን እንዳሉ ገምቱት። ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጆሮዬ እንደሚከብደኝ ታውቃለች፤ መገዳገዱ ከምን እንደሚመጣ ግን ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። ሐኪም ያስረዳኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እናቴ ያን ሳትሰማ ነው ያረፈችው፣ እስከዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ፈረደብኝ፤ እውነት ነው። ግን ሰው በምን ላይ ተመስርቶ ሊፈርድ ኖሯል? እኔ ምንም አልነገርኩትም። ከዚህም የከፋ ነገር አደርግ ነበር፤ እንደሰማሁ አስመስል ነበር።

ይሉኝታ ነው። አንድ ጊዜ «አቤት?» እላለሁ። ሁለተኛ «ምን አልከኝ?» እላለሁ። ሦስተኛው ላይ አፍራለሁ። ፈገግ ብዬ «እሺ» እላለሁ፣ ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

በ1991 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አላለፈም። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ትልቅ ሴት ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው ጠሩኝ። መኪና ይበዛል። አንድ ነገር አሉኝ። ሰላምታ መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩና በደንብ ፈገግ ብዬ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን! እኛም ደህና ነን!» አልኳቸው። ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን ልብ ብል ኖሮ ይገባኝ ነበር። ልብ አላልኩም። የነገሩኝ ወንድማቸው ማረፉን ነበር። ለቀብር ክፍለ ሀገር ሊሄዱ ወደ መናኸሪያ እየተጣደፉ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታቸው አልደረስኩም። ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እድሩ ውስጥ ወሬው ተዛመተ፦ ሞት ሲነግሯት ሳቀች። በመጨረሻ እህቴ ሰምታ መጣችና እያለቀሰች ነገረችኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ ከቤተሰቤ ውጭ ላለ ሰው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እትዬ፣ ጆሮዬ አይሰማም» አልኩ። «ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ነው። ምንም አልሰማሁም»። ዝም ብለው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፤ ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እስከዛሬም አጥጋቢ መልስ የለኝም። አስገብተው ቡና አፈሉልኝ። ሐዘንተኛዋ እሳቸው ሆነው እኔን አጽናኑኝ።

ቆይቼ ስለ ቤትሆቨን አንድ ነገር አነበብኩ፤ ሙዚቀኛውን ነው የምላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1802 በጥቅምት ወር፣ 31 ዓመቱ ሳለ፣ ቪየና አጠገብ ከነበረች ሄይሊገንሽታት ከምትባል መንደር ለወንድሞቹ ደብዳቤ ጽፏል። ሳይልከው ቀረ፤ የተገኘው በ1827 ከሞተ በኋላ ነው። ሰዎች ክፉና ሰው ጠል አድርገው እንደሚያዩት፣ ምክንያቱን ግን እንደማያውቁ ይናገራል። ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ፣ አልሰማም ብሎ ለሰው መንገር እንዳልቻለ ጽፏል። ሙዚቀኛ ሆኖ እንዴት ይበል? ደብዳቤውን ሳነብ ስለኔ የተጻፈ መሰለኝ።

እና ልጆቼ፣ ንገሩ ነው የምላችሁ? አዎ፤ ግን ለሁሉም ሰው ሁሉንም አይደለም። ታክሲ ረዳት የሕክምና ታሪካችሁን የማወቅ መብት የለውም። የኔ ትልቁ ስህተት ሁለት ምርጫ ብቻ ያለኝ መስሎኝ መኖሬ ነበር፦ ወይ ሁሉን መናገር ወይ ሁሉን መደበቅ። በመካከል ሰፊ ቦታ አለ። የሚያስፈልጋችሁን ነገር ብቻ መናገር ትችላላችሁ። «የመስማት ችግር አለብኝ» ስል ሰው መጮህ ይጀምራል፤ ጩኸት ደግሞ ቃሉን ያበላሽብኛል እንጂ አያጠራልኝም። «ወደኔ ዞረህ ቀስ ብለህ አውራኝ» ስል ግን ወዲያው ይገባዋል፣ ያደርገዋልም። «ቮይስ አትላኩልኝ፣ ጻፉልኝ» እላለሁ፤ በቴሌግራም ይጽፉልኛል፤ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስኳር ያለብሽ ልጄ፣ «4 ሰዓት ላይ አንድ ነገር መቅመስ አለብኝ፣ ሐኪም አዝዞኛል» ማለት ይበቃሻል። ቢሮ ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ሰው ሙሉውን ይወቅ። ስኳርሽ ድንገት ቢወርድ ምን እንደሚሰጥሽ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል።

አሠሪን በተመለከተ ደግሞ ልመና ውስጥ አትግቡ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ፣ ቁጥር 568፣ የስሜት ሕዋሳት ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። እኔ አዋጁን ያነበብኩት በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ የሌላ ሰው ሰነድ ስመረምር አጋጥሞኝ። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ እንድቀመጥ ጠየቅኩ፤ ብርሃኑ የሚናገረው ሰው ፊት ላይ እንዲያርፍ። የጠየቅኩት አንድ ወንበር ነበር።

ከሁሉም የሚያመው ፍርድ «ስትፈልጊ ትሰሚያለሽ» የሚለው ነው። ብዙዎቻችሁ በየራሳችሁ መልክ ታውቁታላችሁ። ትናንት ደህና አልነበርሽ? ቅድም ስትስቂ አልነበር? መልሱ ይኸው፦ ጸጥ ባለ ክፍል፣ የለመድኩት ድምፅ ከሆነ፣ ፊቱ ከታየኝ፣ ጠዋት ከሆነ እሰማለሁ። ካፌ ውስጥ፣ ማታ፣ ድካም ሲጫነኝ ያው ሰው ያንኑ ነገር ቢለኝ አይገባኝም። መስማት ለኔ ሥራ ነው። ማታ ማታ ሰው ሳይናገረኝ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ የምፈልገው ለዚህ ነው። 45 ዓመቴ ላይ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ አገኘሁ፤ ብዙ ረድቶኛል። ግን እንደ መነጽር አይደለም። የሰውየውን ቃል ሲያጎላ የወንበሩንም፣ የብርጭቆውንም፣ የመኪናውንም ያጎላል። «መሣሪያ አድርገሽም አትሰሚም?» ለሚሉኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ ትዕግስት ካለኝ። ከሌለኝ እተወዋለሁ። መተውም ይፈቀዳል።

«ጸበል ሞክሪ» የሚሏችሁም ይመጣሉ። እኔ አማኝ ነኝ፤ ጸበል እጠመቃለሁ። ግን ያልዳንሽው እምነትሽ ጎድሎ ነው የሚል ሰው ሲመጣ አልሰማውም። ከዚህ የሚብስ ደግሞ መድኃኒትሽን አቁሚ የሚለው ነው። ኢንሱሊን የሚቋረጥ ነገር አይደለም። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝ። እኔም ፈርጃለሁ። የክፍል ኃላፊ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሚያንቀላፋ አንድ ወጣት ነበር። ሌሊት ሲዞር ያድራል ብዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ምንም አላለም፤ ተቀብሎ ወጣ። በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ፌኖባርቢታል እንደሚወስድ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ያስተኛል። ከማንም በላይ ሊገባኝ ይገባ የነበረው እኔ ነበርኩ። ፈልጌ አላገኘሁትም። ይህን እያነበብክ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያንን ደብዳቤ መጻፍ አልነበረብኝም።

ያ ከሆነ ወዲህ ሰው ሲያናድደኝ መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ትክክል አልሆንም፤ ግን እጠይቃለሁ።

ሁሉም ሰው አይለወጥም፤ ይህንንም እወቁት። ቢሮ ውስጥ ነግሬያቸው እንኳን «ሰበብ ነው» ያሉ ነበሩ። ሰፈር ውስጥ እስከዛሬ «ኩራተኛዋ» የሚሉኝ አሉ። ድሮ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አሁን የማስበው ስለሚያውቁኝ ሰዎች ነው።

ጎረቤቴ አሁን ከ80 አልፈዋል። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ከሩቅ ጠርተውኝ አያውቁም። መንገዱን ይሻገራሉ፣ እጄን ይይዛሉ፣ ፊቴ ፊት ይቆማሉ፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚሉኝ። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ነበርን። ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሩቅ አይለዩኝም። እና አሁን መንገዱን የምሻገረው እኔ ነኝ። እጃቸውን እይዛለሁ፣ ስሜን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደኔ ያዞራሉ።