አጥሚት የፈሰሰበት ላፕቶፕ፦ መድረቅና መጽዳት አንድ አይደሉም

የጠያቂዋ ደብዳቤ፦ «በባሕር ዳር ሽምብጥ የምኖር፣ ከቤቴ ሆኜ ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር፣ የአንድ የ3 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ከደንበኛ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገርሁ ሳለ ልጄ በእጁ የያዘውን አጥሚት ላፕቶፔ ላይ ደፋው። ወዲያው ዘጋሁት፣ በሶፍት ጠረግሁት፣ ሩዝ ውስጥ ቀበርሁት፣ በማግሥቱም ፀሐይ ላይ አዋልሁት። በሁለተኛው ቀን ስከፍተው ተነሣልኝ። 3 ቀን ከሠራሁበት በኋላ ግን አንዳንድ ፊደላት ሳልነካቸው ይጻፉ ጀመር፤ በመጨረሻም ጨርሶ ጠፋ። አሁን ቻርጀሩን ስሰካው መብራቱ ለ2 ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል። የ3 ቀን ሥራዬ ወደ ጊት፣ ማለትም የኮዴ ቅጂ ወደሚቀመጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ሳይላክ እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ደግሞም ቻርጅ እያደረግሁ ብረቱን ስነካ ይነዝረኝ ነበር፤ ከአጥሚቱ የመጣ ይሆን? ላፕቶፑስ ይጠገናል?»

መልስ፦ ይጠገናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይሁን እንጂ ከዛሬ ጀምሮ የሚያደርጉት ነገር ስለሚወስነው ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ቻርጀሩን እንደገና እንዳይሰኩት ነው። መብራቱ በርቶ ወዲያው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ፣ አንድ ቦታ ላይ ሾርት ስላደረገና መከላከያው ኃይሉን ስለሚቆርጥ ነው። «ምናልባት አሁን ይነሣ ይሆናል» እያልን በሞከርን ቁጥር ያ ቦታ ይግላል፤ መጀመሪያ የተበላሸችው የጤፍ ፍሬ የምታህል አንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምታጠራቅም ክፍል) ብቻ ብትሆን እንኳ በአጠገቧ ያለውን ውድ ቺፕ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። የበረታ ቻርጀር ተውሶ መሞከርም ያው ጥፋት ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ «በሁለተኛው ቀን ተነሣልኝ» የሚለው ነው፤ ላፕቶፕዎን የጎዳው አጥሚቱ ከፈሰሰበት ደቂቃ ይልቅ እነዚያ ደኅና የመሰሉት 3 ቀናት ናቸውና። አጥሚት ውኃ ብቻ አይደለም፤ አጃው፣ ስኳሩ ወይም ማሩ፣ ጥቂት ጨው፣ እንደየቤቱም ወተትና ቅቤ አለበት። ውኃው ሲተን እነዚህ ሁሉ በቦርዱ ላይ ስስ ሽፋን ሆነው ይቀራሉ፤ ስኳር፣ ማርና ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባሉ። በተለይ በክረምት፣ የጣና እርጥብ አየርና የማያባራው ዝናብ ተደምረው ቤታችንን በሚያረጥቡበት ወቅት፣ ደርቋል ያልነው ሽፋን ሌሊት ሌሊት መልሶ ይወዛል። በቦርዱ ላይ ደግሞ ከቻርጀሩ የሚመጣው 19 ወይም 20 ቮልት የሚያልፍበት መስመር ምንም ቮልት ከሌለው መስመር አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ጎን ለጎን ይሄዳል። በመካከላቸው ጨዋማ እርጥበት ሲገባ ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ይሻገራል፤ ሲሻገርም ከፖዘቲቩ መስመር መዳቡን እያሟሟ ወደ ኔጌቲቩ ያጓጉዘዋል። ቦርዱ ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴና ነጭ ዝገት የዚህ ውጤት ነው። ዝገቱ መስመሩን እስኪበጥስ ወይም ሁለቱን መስመሮች እስኪያገናኝ ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ የእርስዎም ላፕቶፕ 3 ቀን ሠርቶ የሞተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ወዲያው ዘጋሁት» ሲሉ ክዳኑን ማጠፍዎ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ይተኛሉ እንጂ አይጠፉም። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ የማብሪያውን ቁልፍ የሚጠብቁት የ3.3 እና የ5 ቮልት መስመሮች ኃይል እንዳላቸው ይቆያሉ። ስለዚህ ሩዝ ውስጥ በተቀበረበት ሌሊትም ዝገቱ ሥራውን አላቆመም ማለት ነው። ሩዝ በክፍሉ ውስጥ ካለው አየር የተሻለ እርጥበት አይስብም፤ ስኳሩንማ ጨርሶ አያነሣም፤ ዱቄቱንም በማራገቢያው ቀዳዳ ያስገባል። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይም ባትሪውንና ስክሪኑን ከመጉዳት በቀር የሚያጸዳው ነገር የለም።

እኔም የጥገና ሙያውን በጀመርሁበት ዘመን ይህን አላውቅም ነበር። አንድ መምህር ስኳር የበዛበት ሻይ የፈሰሰበትን ላፕቶፕ አምጥተውልኝ፣ ፈትቼ አድርቄ፣ ሲበራም አይቼ ደስ ብሎኝ መለስሁላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ሲመጣ ሜሞሪው አጠገብ ያሉት ጥቃቅን መስመሮች በዝገት ተበልተው ነበር፤ ማዳንም አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ፈሳሽ የገባበት ማንኛውም ዕቃ ሳይታጠብ ከእጄ አይወጣም።

አሁን ወደ ሥራዎ ልምጣ። ከላፕቶፑ በፊት መውጣት ያለበት ፋይልዎ ነው። መስቀለኛ ካቻቢቴ ካለዎትና የሥሩን ክዳን መፍታት ካልፈሩ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ማገናኛ ከቦርዱ ይንቀሉ፤ ገመዱን ሳይሆን ማገናኛውን ይዘው፣ በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ ወይም በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ያውጡት። ባትሪው አብጦ ካገኙት ግን አይንኩት፤ እንዳለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ቀጥሎ ፋይሎችዎ የተቀመጡበትን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ ይፈልጉ። በአብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት ላፕቶፖች ላይ በአንዲት ብሎን የታሰረ፣ ማስቲካ የሚመስል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ብሎኗን ፈትተው ካወጡት በኋላ ወርቃማ ጥርሶቹን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲደርቅም በዩኤስቢ በሚሰካ መያዣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። መያዣውን ከመግዛትዎ በፊት ኤስኤስዲው ላይ ኤንቪኤምኢ ወይስ ሳታ የሚል እንዳለ ያንብቡ፤ ሁለቱ መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱን ብቻ የሚያነብ መያዣ ሌላውን አያነብም፤ ሰዎችም ይህን ሳያውቁ ዲስኩ የሞተ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል የመክፈቻ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ አስቀድመው ይፈልጉ። ኤስኤስዲው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ግን ፋይሉ የሚወጣው ቦርዱ ነፍስ ሲዘራ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ለጠጋኙ «ከሁሉ በፊት የምፈልገው ፋይሌን ነው» ብለው ይንገሩት፣ እሱም የሚሠራበትን ቅደም ተከተል በዚያ መሠረት ያስተካክላል።

እጥበቱን በተመለከተ፣ ባለሙያ ዘንድ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ሆኖም ምን መደረግ እንዳለበት ቢያውቁ ጠጋኙን በትክክል ለመጠየቅ ይረዳዎታል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁሉን በአልኮል ለማጽዳት ስንሞክር ነው። አይሶፕሮፒል አልኮል ቅባትን ያነሣል፣ ቶሎም ይተናል፤ ስኳርንና አጃን ግን በደንብ አያሟሟም። ስለዚህ እንደ አጥሚት፣ ሻይና ለስላሳ ያለ ነገር የፈሰሰበት ቦርድ ባትሪው፣ ማራገቢያውና ሌላው ተነቃይ ነገር ሁሉ ከወጣለት በኋላ መጀመሪያ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ውኃውን ገፍቶ እንዲያስወጣ ንጥረቱ 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይለቀለቃል። ዲስቲልድ ውኃ የመኪና ባትሪ ከሚሸጡና ከሚሞሉ ሱቆች ይገኛል፤ ነገር ግን በዚያው ሱቅ፣ በተመሳሳይ ጄሪካን፣ የባትሪ አሲድም ይሸጣልና ደግመው ደጋግመው ጠይቀው ይግዙ። የቧንቧ ውኃ የራሱ ማዕድን ስላለው አይሆንም። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውኃ ስለሆነ ለመጨረሻው ልቅላቂ አይበቃም፤ የእጅ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ይተዋል፤ አረቄ ከግማሽ የሚበዛው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ይበላል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በእያንዳንዳቸው የታጠበ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ስለመጣ ነው።

ከእጥበት በኋላ ቦርዱ በማራገቢያ ፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ቀን መዋል አለበት፤ ምክንያቱም ውኃው ከቺፖች ሥር በቀላሉ አይወጣም። ከዚያም ጠጋኙ በመልቲሜትር ዋናው የኃይል መስመር ሾርት ማድረግ አለማድረጉን ይለካል፤ ሾርት ያደረገችውን ካፓሲተር ፈልጎ ይቀይራል፤ የተበጠሰ መስመር ካለ ይቀጥላል። «ሳልከፍት ዝም ብዬ አደርቅልዎታለሁ» ከሚል ሠራተኛ ይልቅ ቦርዱን አውጥቶ ዝገቱን በማጉያ መነጽር የሚያሳይዎትን ይምረጡ። ኪቦርዱን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት፤ ከፊደላቱ ሥር በተደራረቡት ስስ ፕላስቲኮች መካከል የገባ አጥሚት አይወጣም፤ መቀየሩ ይሻላል። ለጊዜው ቦርዱ ከተነሣልዎ በዩኤስቢ ኪቦርድ መሥራት ይችላሉ።

ንዝረቱ ከአጥሚቱ የመጣ አይመስለኝም፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት ነበረ፣ እርስዎ ግን ልብ ያሉት ከደነገጡ በኋላ ይሆናል። ቻርጀሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኧርዝ፣ ከሌለው እነዚህ ካፓሲተሮች የላፕቶፑን ብረት ወደ 220 ቮልቱ ግማሽ ገደማ ከፍ ያደርጉታል። የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ የቆመን ሰው ይነዝራል እንጂ አይጎዳም። ንዝረቱ ከመኮርኮር አልፎ የሚመታ ከሆነ ግን ቻርጀሩ ራሱ ተበላሽቷልና ያንኑ ቀን ያስወግዱት። መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ሶኬቱ እውነተኛ ኧርዝ እንዳለው ማስለካትና ባለ ሦስት እግር ስፒናውን ያለ መቀየሪያ በቀጥታ መሰካት ነው። አንዳንድ ሠራተኞች የኧርዙን ቀዳዳ በሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ጋር አያይዘው «ኧርዝ ሠራሁ» ይላሉ፤ ይህ ገዳይ ነው፤ የኒውትራሉ ሽቦ የተቋረጠ ዕለት የላፕቶፕዎና የፍሪጅዎ ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር የሆነ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር፣ ማስገባት ከማንኛውም የላፕቶፕ ጥገና በፊት የሚመጣ ወጪ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢደርስ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ልጁንና ወለሉን ይሁን። ፈሳሹ ዲቫይደሩን ወይም ቻርጀሩን ከነካ ልጁን አርቀው ብሬከሩን ያጥፉ፤ እርጥብ ስፒና በእጅዎ አይንቀሉ። እነሱን ካልነካ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ፋይሉን ሴቭ ላድርግ ሳይሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያም እንደተከፈተ ገልብጠው፣ ኪቦርዱ ወደ ታች ሆኖ ፎጣ ላይ እንዲያርፍ፣ ስክሪኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች እንዲንጠለጠል አድርገው ያስቀምጡት። አያናውጡት፤ በፀጉር ማድረቂያም አይንፉበት፤ ሁለቱም ፈሳሹን ወዳልደረሰበት ቦታ ይገፉታል። በዚያው ሰዓት ውስጥ ባትሪው እንዲነቀል ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪታጠብ ድረስ «ልሞክረው» የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ እምቢ ይበሉ።

ለዕለት ሥራዎ የምመክረው ደግሞ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ከፍ በሚያደርግ ማስቀመጫ ላይ አድርገው በውጭ ኪቦርድና ማውስ እንዲሠሩ ነው። አጥሚቱ ቢደፋ የሚፈስሰው በቀላሉ በሚተካ ኪቦርድ ላይ ይሆናል፤ አንገትዎም ያርፋል። ሥራዬ ካለቀ በኋላ እልካለሁ ማለትን ይተዉና ለራስዎ ብቻ የሚሆን ብራንች፣ ማለትም የኮዱን የተለየ ቅርንጫፍ፣ ከፍተው፣ ኮዱ ባያልቅም፣ ባይሠራም፣ ኮሚት አድርገው (መዝግበው) ፑሽ ያድርጉ (ወደ ኢንተርኔቱ ማከማቻ ይላኩ)፤ ደንበኛው የሚያየው ዋናው ብራንች እንዳለ ይቀመጣል። ፕሮግራመር ደንበኞቼ የነገሩኝ ሌላም ነገር አለ፦ የይለፍ ቃል ያለበት የኢኤንቪ ፋይልና በኮምፒውተርዎ ውስጥ ብቻ ያለው ዳታቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ከጊት ጋር አይሄዱም፤ ስለዚህ ለብቻቸው፣ የተቆለፈ ቦታ ላይ፣ ቅጂ ያስቀምጡላቸው። ልጅዎ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አጥሚቱን የሚጠጣ ከሆነ ፑሹ ከእሱ በፊት ይቅደም፤ አጥሚቱም ክዳን ባለው ኩባያ ይቀዳለት።