ስም የሌለው ጠርሙስ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጎረቤቴ የመጀመሪያ መኪናውን ገዛ። በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ ቪትዝ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ስልኩን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮ እያየ የራዲያተሯን ውኃ ሲያወርድ ደረስኩ። ደስ አለኝ፤ መኪናውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ጋራዥ ሄዶ በቀላሉ አይታለልም። ጠጋ ስል ግን ያወረደውን አረንጓዴ ፈሳሽ በሦስት ሃይላንድ ሞልቶ ከመጠጥ ውኃው ጀሪካን ጎን ደርድሮታል። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጁ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በአንዱ ክዳን ትጫወታለች።

አልተቆጣሁትም። ጠርሙሶቹን አንስቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ለእሱም፣ እንደ እሱ ቅዳሜና እሑድ በግቢያቸው መኪና ለሚፈቱ ሁሉ ነው።

መካኒክነትን የጀመርኩት በ1971 ዓ.ም. ቄራ አካባቢ በነበረ ጋራዥ፣ በረዳትነት ነው። ከተማው ፊያት ስድስት መቶና ቮልስ የሞላበት ዘመን ነበር። ስለ መርዝ የነገረን ሰው የለም፤ አለቃችን ራሱ የማያውቀውን ከየት አምጥቶ ይንገረን? ግሪስ ቶሎ ስለሚያስለቅቅ እጃችንን የምንታጠበው በቤንዚን ነበር። የያኔው ቤንዚን ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት የተጨመረበት ነው፤ ያ እርሳስ በቆዳ ሰርጎ ይገባል። ዓለም ከእርሳሳም የመኪና ቤንዚን ጨርሶ የተገላገለችው እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ መሸጧን ስታቆም ነው፤ ሩቅ ዘመን አይደለም። የፍሬን ሸራ ስንቀይር አቧራውን በኮምፕረሰር፣ እሱ ከሌለ በአፋችን እፍ እንለው ነበር። በዚያ ጊዜ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ ነበረበት። ሳንባችን ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ከዓይኔ የማይጠፋው ግን አንድ ጠርሙስ ነው። አለቃችን ባትሪ ሞልቶ የተረፈውን አሲድ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አድርጎ፣ በወረቀት ወትፎ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። አብሮኝ የሚሠራ እኩያዬ ከሶማሌ ተራ ኩሽኔታ ገዝቶ በእግሩ ተመለሰ። የሚያዝያ ፀሐይ ነው፤ ጠምቶታል። አንዴ ተጎነጨ። ጩኸት አልሰማንም፤ የሰማነው ጠርሙሱ ሲሰበር ነው። እኛም በደግነት ጨረስነው፦ ጣታችንን ጉሮሮው ውስጥ ከትተን አስታወክነው። አሲዱ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ አቃጠለው። ነፍሱ ተረፈች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ኑሮው በአጥሚትና በሾርባ ሆነ፤ እንጀራ እንደ ሰው ሲጎርስ አላየሁትም።

ይህን በዓይኔ ያየሁ ሰው ተምሬያለሁ ትሉ ይሆናል። አልተማርኩም። አሲድን ብቻ ፈራሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የራሴ ዲኤክስ ታክሲ በነበረኝ ጊዜ፣ በግቢዬ ኩላንት፣ ማለትም ሞተር የሚያቀዘቅዘውን የራዲያተር ፈሳሽ፣ ስቀይር መሬት ላይ የፈሰሰውን ሳልጠርግ ምሳ ገባሁ። ስመለስ ውሻችን ፈሳሹን ልሶ ጨርሶታል። ማታ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሲሄድ ልጆቼ ሳቁበት። በማግስቱ ደህና መሰለ፤ እኔም ተረሳኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንት አልወጣው አለ፤ ሞተ።

ስጠይቅ የተነገረኝን እናንተም ያዙት። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራው ኤትሊን ግላይኮል ከሚባል ነገር ነው። ይጣፍጣል። ውሻም ሆነ ሕፃን አንዴ ከቀመሰው አይተፋውም። መጀመሪያ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ቀጥሎ ሰውየው የተሻለው ይመስላል፤ በዚያ ፋታ ውስጥ ግን ጉበት መርዙን ኩላሊት ወደሚያወድም አሲድ እየለወጠው ነው። ስለዚህ ሕፃን ቀምሶ ከተገኘ «ደህና ሆኗል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በጊዜ ከተደረሰ ማርከሻ አለው። የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምንድን ነው የጠጣው?» ብሎ ነው።

እኔን ያዘናጋኝ ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት፤ ቃሉ ነው ያዘናጋኝ። እኛ መካኒኮች ኩላንትን «የራዲያተር ውኃ» እንለዋለን። ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ሁሉ፣ አሲዱንም የተጣራ ውኃውንም፣ «የባትሪ ውኃ» ብለን አንድ ላይ እንጠራለን። የፍሬኑም ፈሳሽ «ዘይት» ነው፣ የካምቢዮውም «ዘይት» ነው። ስማቸው ሁሉ የማድ ቤት ስም ነው! በዚያ ላይ የማድ ቤት ዕቃ እንሰጣቸዋለን፤ ሃይላንድ፣ የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የቡና ስኒ ሳይቀር። በረኪናን በሃይላንድ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ቤንዚን በሃይላንድ መንገድ ዳር የሚሸጥበት አገር፣ ልጁ ሃይላንድ ሲያይ ውኃ ነው ብሎ እንዳያስብ በምን ያስተምረዋል?

ስለዚህ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ ማንኛውም የመኪና ፈሳሽ ከመጣበት ዕቃ አይውጣ። የግድ ከወጣ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶበት በማያውቅ ዕቃ ይደረግ፤ ከማፍሰሳችሁ በፊት ስሙ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍበት። በኋላ እጽፋለሁ ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። ለማያነብ ልጅ ጽሑፍ ምንም ስለሆነ ደግሞ ቦታው ከፍ ያለና ቁልፍ ያለው ይሁን።

አዲስ አበባ ውኃ በረዶ አይሆንም፣ ታዲያ ኩላንት ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ኩላንቱና የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ባይኖሩ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ሁሉ ይፈላ ነበር። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ያ የታፈነ ውኃ ፊቱ ላይ ይገነፍልበታል። ግማሽ ሰዓት ታገሡ፤ ቡና ጠጡ።

ቡና ካልኩ አይቀር፣ ቤንዚን ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ የማውቀው ሰው ካርቡራተር ፈትቶ በሳፋ ቤንዚን ያጥባል። ሚስቱ ከእሱ ሰባት ስምንት እርምጃ ርቃ፣ ከበረንዳው በታች፣ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ትቆላለች። ሁለቱም መራራቃቸውን አስበዋል፤ ሳፋው የት፣ ምድጃው የት! ያላሰቡት፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ እንደሚከብድ ነው። ሽቅብ አይወጣም፤ እንደ ጎርፍ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ግቢው ወደ ምድጃው ያዘቀዝቃል። እሳቱ ከምድጃው ተነሥቶ በመሬቱ ላይ እየሮጠ ወደ ሳፋው ሲመጣ አየሁ ይላል ሰውየው፤ ሳፋውን ትቶ በመዝለሉ ቅንድቡ ብቻ ተለበለበ። የቸኮለ ጎረቤት ውኃ ደፋበት፤ ቤንዚኑ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ወደ አጥሩ ወሰደው። አፈር ነበር የሚያስፈልገው።

ናፍጣ እንዲህ አይቸኩልም፤ ክብሪት ቢጥሉበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ውስጥ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ያወጣል። በአገራችን አየር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እሳት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ዕቃ ለማጠብ ላምባ ይሻላል፤ እሱም ከእሳት ይራቅ። ቤት ውስጥ ቤንዚን ባታስቀምጡ እመርጣለሁ። ግን ሰልፍ አድክሟችሁ እንደምታስቀምጡ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ከመኖሪያው ክፍል ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን፣ አፍ እስከ ገደፉ ሳትሞሉ አስቀምጡ፤ ሲሞቅ ይነፋል። በጎማ በአፍ ስቦ ማውረድን ደግሞ ተዉት። ቤንዚን ሆድ ከገባው ይልቅ ሳንባ የገባው ይገድላል። የዋጠንም ሰው እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲያስታውክ ነው ወደ ሳንባው የሚሄደው።

ባትሪን በተመለከተ አጭር ነኝ። ለቤት ባትሪ አሲድ በጭራሽ አትግዙ፤ የሚጎድለው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም፣ የተጣራ ውኃ ብቻ ጨምሩ። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል፣ አሲዱንም ፊት ላይ ይረጫል። ገመዱን ሲፈቱ ኔጌቲቩን (የመቀነስ ምልክት ያለበትን) መጀመሪያ፣ ሲያስሩ መጨረሻ። የጋብቻ ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ከፖዘቲቩ ጋር በመፍቻ የተገናኘ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ሥጋ ሲያበስል አይቻለሁ። መነጽር አድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትከራከሩ ቧንቧ ሥር ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። መሬት ላይ ለፈሰሰው ቤኪንግ ሶዳ በትኑበት፤ ዓይን ላይ ግን ሶዳ የሚባል ነገር እንዳይነካ። የሞተውን ባትሪ ቆራሌው ሲመጣ እንዳለ ስጡት እንጂ ውስጡን አውጥታችሁ ለመሸጥ አትስበሩት። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፣ የእርሳስ ብናኝ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ? እኛ አጥር ቋሚ እንቀባበት፣ ምስጥ እናባርርበት፣ የቀረውን ቦይ ውስጥ እንደፋ ነበር። ቦዩ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ማን እንደሚበላው መንገር አያስፈልገኝም። ዘይቱን ከሌላ ነገር ሳትደባልቁ አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። የፈሰሰውን በሰጋቱራ አስመጥጣችሁ ጥረጉ፤ ውኃ አትልቀቁበት።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ልጆች ይህ እኛን አይመለከተንም እንዳትሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ብዛታችሁ ጨምሯል። መኪናችሁ ቤንዚንና የሞተር ዘይት የለውም እንጂ ኩላንትም፣ የፍሬን ዘይትም አለው። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ኬብል ግን እኔም አልነካውም፤ እናንተም አትንኩት።

ያ ጎረቤቴ ማክሰኞ ማታ ጠርሙሶቹን ሊወስድ መጣ፣ ልጁን አቅፎ። ቢጫ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥንና ቁልፍ አሳየኝ፤ ክዳኑ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብሎ ጽፎበታል። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ሣጥኑን ፈተሸችው። እሷ ከውሻው ቀን ጀምሮ ክዳኑ የተከፈተ ሃይላንድ ሳታሸት አትጠጣም። ኩላንት እኮ ሽታ የለውም ብዬ ስንቴ ነገርኳት፤ ማሽተቷን አልተወችም።