ምርጫ የሌለውን ፊደል ፈልጉ

ልጆች፣ ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ዛሬ የምመክራችሁ ግን ስለ ፈተና አይደለም። የፊደል ድምርና ሱዶኩ የሚባሉትን እንቆቅልሾች ስትሠሩ አትገምቱ፣ ነው የምላችሁ።

ይህችን እዩ፦ ሀለ + ለሀ = መሀመ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ አሃዝ አለው፣ ሁለት ፊደል አንድ አሃዝ አይጋራም፣ ቁጥርም በዜሮ አይጀምርም። ብዙ ልጅ ወዲያው ቁጥር እያስገባ መሞከር ይጀምራል፤ ይሄ ካልሆነ ያኛው እያለ። ኧረ ቆዩ! መጀመሪያ ምርጫ የሌለውን ፊደል ፈልጉ። ሁለት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮች ቢደመሩ 200 አይሞሉም፤ ስለዚህ መ ወደደም ጠላም 1 ነው። በአንድ ቤት ደግሞ የለ እና የሀ ድምር በ1 ማለቅ አለበት። 1 ራሱ ነው እንዳንል አንዱ ዜሮ ሊሆን ነው፤ 21 እንዳንል ሁለት አሃዝ ከ18 አያልፍም። የቀረው 11 ነው። 1 ይጻፋል፣ 1 ይያዛል። በአስር ቤት ያው 11፣ ከያዝነው ጋር 12። ሀ 2 ሆነ፣ ለ ደግሞ 9። 29 + 92 = 121። አንዴም አልገመትንም!

እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዛዊው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሄንሪ ዱድኒ ያሳተማት ዝነኛ የእንግሊዝኛ የፊደል ድምርም (SEND + MORE = MONEY) በሯ ይኸው ነው። መልሷ 9567 + 1085 = 10652 ነው፤ መጀመሪያ የሚታወቀውም ያው ከፊት ያለው 1 ነው።

ሱዶኩ ላይም እንደዚያው። ሱዶኩ 81 ሳጥኖች በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየ3 በ3 ክፍሉ ከ1 እስከ 9 ባሉ አሃዞች ሳይደገሙ የሚሞሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሒሳብ ሊቁ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር እንዳረጋገጡት፣ አንድ መልስ ብቻ ያለው ሱዶኩ ቢያንስ 17 ቁጥር ተሰጥቶት መጀመር አለበት። እስቲ አስቡት፣ የቀሩት 64 ሳጥኖች ከእነዚያ 17 ቁጥሮች ብቻ ይወጣሉ!

መንገድ ሲዘጋባችሁ ሁለት ምርጫ ብቻ የቀረው ሳጥን ያዙና «ይሄ 4 ቢሆንስ?» በሉ። እስከ መጨረሻው ተከተሉት። አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 7 ከመጣ 4 አይደለም፣ ሌላኛው ነው ማለት ነው። ይሄ ግምት ሳይሆን ማረጋገጫ ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም የሚጠቀሙበት ነው። ስልካችሁ ላይ ፍንጭ የምትሰጠዋን ቁልፍ ግን እባካችሁ አትንኳት፤ ያቺ ቁልፍ የምትወስድባችሁ ዋናውን ነገር ነው።

በሉ እንግዲህ፦ ሀሀ + ለለ + መመ = ሀለመ። ከሀ ጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ አሃዝ አጠገብም ለምን እንደሆነ ጻፉበት።