ጥቅምት 30 የከፈለ ሰው ለምን ኅዳር 2 ላይ ይወጣል

ወንድሜ፣ «ጥቅምት 30 የመዘገብነው ክፍያ ሪፖርት ላይ ኅዳር 2 ሆኖ ይወጣል፣ ሰርቨሩ ነው ወይ?» ላልከው፦ ሰርቨሩን ተወው። የኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ቦታ አስገብተኸዋል። በምን አወቅክ አትበለኝ፣ እኔም የሠራሁት እሱኑ ነው።

1. ጥቅምት 2ኛ ወር ነው። ለጃቫስክሪፕት (ፕሮግራሙ ለተጻፈበት ቋንቋ) ደግሞ 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 የሚባል ቀን የለውም። ኤረር አይሰጥህም፣ ዝም ብሎ ወደ ማርች 2 ይገፋዋል፣ ማርች 3ኛ ወር ስለሆነ ሪፖርቱ ኅዳር 2 ብሎ ያወጣዋል። ሌሎቹ ወራት 30 ስላላቸው ምንም አይታይህም፣ እስከ ጳጉሜን።

2. ጳጉሜን። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ጋ ነው። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሠራሁት ሲስተም ኅዳር 2015 ሥራ ጀመረ፣ ስለዚህ ጥቅምትን አላየም። አሥር ወር እንደ ሰዓት ሠራ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር። የብድር መክፈያው የመጨረሻ ቀን ጳጉሜን 6 ነው። ሲስተሙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተከፈለውን መስከረም 6 ቀን 2016 አደረገው፣ ጳጉሜን ላይ የከፈለ ሁሉ ዘግይቷል ተብሎ ቅጣት ተጣለበት። ከበዓሉ በኋላ ስሄድ በሩ ላይ ሰልፍ። አንዲት እናት ደረሰኙን ከመቀነታቸው ፈትተው «ልጄ፣ እኔ እኮ በዋዜማው ከፍያለሁ» አሉኝ። በእጅ የተጻፈ፣ ቁልጭ ያለ ጳጉሜን 6። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ኮምፒውተርህ ጳጉሜን አያውቅም እንዴ? የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ያውቀዋል!» ብሎ ጮኸብኝ። ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው። ቀሪ ክፍያዬን ግን እስከ ዛሬ መያዙ ልክ አይደለም።

3. አሁን ኅዳር 2 ያለውን ሁሉ በጅምላ ወደ ጥቅምት 30 እንዳትመልስ፣ እውነተኛ የኅዳር 2 ከፋዮችም አሉበት። መዝገቡ የተፈጠረበትን ሰዓት ሰርቨሩ ለብቻው ይዞ ከሆነ እሱ አልተነካም፣ ከሱ ጋር አስተያየው። እኔን ያወጣኝ እሱ ነው፣ የቀረውን ሁለት ሌሊት ከደረሰኝ ጋር በእጄ አመሳከርኩ።

ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ብቻ አስቀምጥ፣ የኛን ለማስገቢያና ለማሳያ ተጠቀምበት። ስትቀይርም በቀን ቆጠራ እንጂ 8 ዓመት እየቀነስክ አይደለም፣ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ማለት ነው። መስከረም 1 ቀን 2016ን ሞክርበት፣ ሴፕቴምበር 11 ካለህ ኮድህ ገና ነው፣ 12 መሆን አለበት።

ጥቅምት 29ን እንዳትረሳ፣ እሱም ኅዳር 1 ላይ ተቀምጦልሃል።